የተቃጠለ ምስክሬን ፍለጋ ከደምበጫ እስከ መርጡለ ማርያም

ይህን የምጽፈው ከደምበጫ ወጥተው፣ የጮቄን ተራራ ተሻግረው፣ መርጡለ ማርያም ድረስ በእግራቸው ለማይሄዱ ሰዎች ነው። ደግ አደረጋችሁ እላለሁ፤ ጉልበቴን ባማክረው ኖሮ እኔንም ከቤቴ ያስቀምጠኝ ነበር። በየማደሪያዬ የቸከቸክኋትን ማስታወሻ ደብቄ አቆይቼ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው አስተካክዬ የገለበጥኋት። ነገሩ የሆነው ግን ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ በጥቅምት ወር ነው።

የሄድሁበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። እኔ የቅኔ መምህር ነኝ። ቅኔ ተምሮ የጨረሰ ሰው በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል። የእኔ መምህር የኔታ እንባቆም ደግሞ ላስመሰከረ ተማሪያቸው በቁራጭ ብራና ላይ ቃላቸውን አስጽፈው ማኅተማቸውን ያትሙበታል። ያችን ብራና "ምስክር" እንላታለን። ምስክሬን ይዤ በደምበጫ አጠገብ ካለች አንዲት ደብር ገባሁ፤ ጉባኤ ዘርግቼም ብዙ ዓመት አስተማርሁ። ኋላ አዲስ አለቃ ተሾሙብን። አለቃውም፣ "ከበላይ ትእዛዝ መጥቷል፤ በደብሩ የሚያስተምር ሁሉ ምስክሩን ያሳይ። የሌለው እስከ ኅዳር ሚካኤል ጉባኤውን ይበትን፣ ቤቱንም ይልቀቅ" አሉ። ይህ ማለት ለእኔ ተማሪዎቼንም ጎጆዬንም ማጣት ነው። ሌላ ሙያ የለኝም፤ ሞፈር ብጨብጥ በሬው ራሱ ይስቅብኛል። ምስክሬ ደግሞ የለችም።

የለችም ማለት፣ አቃጥያታለሁ። ዓመት ቀደም ብሎ ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር ወደ መንደራችን መጥተው ነበር። ማንበብ የሚችል ሁሉ ለአርበኛ ደብዳቤ ይጽፋል ብለው የተማረ ሰው ይፈልጋሉ። መምጣታቸውን ስሰማ ምስክሬን ከማኅደሯ አውጥቼ ከምድጃው፣ ከባቄላው ድስት ሥር ከተትኋት። ብራና ሲቃጠል እንደ ሥጋ ይሸታል። ባለቤቴ ከጓሮ፣ "ምንድን ነው ያረረው?" እያለች ገባች። ባቄላው ነው አልኋት።

ከዚያ ደጅ አወጡን። ከጎኔ የቆመው ጎረቤቴና ባልደረባዬ መሪጌታ ልየው ነበር። ቅኔውን ከየኔታ ዘንድ አብረን የተማርን፣ በተማሪነታችን ቁራሽ አብረን የለመንን ሰው ነው፤ በኋላ እሱ ወደ ድጓው አዘንብሎ ዜማ ያስተምር ነበር። አስተርጓሚው እኔን፣ "ማንበብ ታውቃለህ?" አለኝ። "ገበሬ ነኝ፤ አላውቅም" አልሁ። ወደ ልየው አመልክቶ፣ "ይህንንስ ሰው ታውቀዋለህ?" ሲለኝ ይህንንም "አላውቀውም" አልሁ። ልየው ተራው ሲደርስ፣ "እኔ መምህር ነኝ" አለ። "ያኛውስ?" ቢለው፣ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይል፣ "እሱ ማንበብ አይችልም፤ ገበሬ ነው" ብሎ መለሰ። እሱን ወሰዱት። ከሳምንት በኋላ መገደሉን ሰማን።

እንግዲህ ለየኔታ ምን ብዬ ሁለተኛ ምስክር እለምናለሁ? ቤቴ ተቃጠለ ለማለት ወሰንሁ። በዚያ ዘመን ቤቱ ያልተቃጠለበት ሰው ጥቂት ነበርና ውሸቱ የሚያስጠረጥር አልነበረም።

ማክሰኞ

ጎረቤታችን አቶ ኑሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በዚያን ቀን ጨርቅ ሊያመጡ በርበሬ ጭነው በካሚዮን ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዱ ነበርና፣ "መምህር፣ እስከዚያ እንኳ እግርዎን ያሳርፉ፤ ከጭነቱ ላይ ይውጡ" አሉኝ። ጣሊያን የሠራው መንገድ ከድሮው ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ከበርበሬው ጆንያ ላይ ተቀምጬ እስከ ደብረ ማርቆስ ሳስነጥስና ሳለቅስ ነው የሄድሁት። ስወርድ ዓይኔ ደም መስሏል። አንዲት መንገደኛ ሴት አየችኝና ቆም ብላ፣ "እግዜር ያጽናዎ አባቴ፤ ማን ሞተብዎ?" አለችኝ። አቶ ኑሩ ሳቁ። እኔም ልስቅ አልሁና ልየው ትዝ ቢለኝ ሳቁ አልመጣ አለኝ። "አሜን" ብቻ አልኋት። በልየው ሞት ያጽናህ የተባልሁት መጀመሪያ ያን ቀን ነው፤ እሱም በበርበሬ ምክንያት።

ከከተማው ወደ ገጠር ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ጸሐፊው በአስተርጓሚ፣ "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ አፌ ቀድሞኝ "ገበሬ" አለ። አቶ ኑሩ ጣቶቼን አዩአቸው። ቀለም እንጂ አፈር የማያውቁ ጣቶች ናቸው። ሰውየው ጨዋ ናቸውና ዓይናቸውን ወደ ደጅ መለሱ።

ያደርሁት ከእኅታቸው ቤት ነው። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፤ እኔም ቆሎዬን ቆርጥሜ ልተኛ አስቤ ነበር። ሴትዮዋ ግን ገና ሳልቀመጥ ወደ ክርስቲያን ጎረቤቷ ሄዳ ወጡንም እንጀራውንም እዚያው አሠርታ መጣች። "ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ነው መምህር፤ ሳይጠራጠሩ ይብሉ" አለችኝ። በእኛ አገር ጎረቤት የሚጠራው ድግስ ሲበዛ ነው፤ እዚያ ዓይኑ ለቀላ ለአንድ መንገደኛ ሁለት ቤት ሠራለት። የደብረ ማርቆስ ብርድ ከደምበጫው ይብሳል፤ እንዲህ ያለ ቤት ካገኙ ግን ይቻላል።

ሮብ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ መንገዱ ሽቅብ ነው። ቁልቁለት የሚመስለው ቦታም ሲደርሱበት ዳገት ይሆናል። ገበያው የዋለው በስሙ ቀን ነውና ከሰው ጋር ተጋፍቼ ደረስሁ። በእኛ ገበያ በርበሬውና ፈረሱ ቦታውን ሁሉ ይይዙታል፤ እዚህ ድንችና ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርትና በግ ነው። ሰው ሁሉ ተከናንቦ ነው የሚገበያየው። ሻጭና ገዥ ሲከራከሩ የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ነው። የጾም ቀን ስለሆነ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ገዛሁ። ደምበጫ ብሆን ኖሮ ድንችን ምሳ ብዬ አልጠራውም ነበር፤ እዚህ ግን ከስድስቱ አንዱን ሳላስተርፍ በላሁና ጣቴን ላስሁ።

ያደርሁት አቶ ካሤ ከሚባሉ ገበሬ ቤት ነው። "ብርዱን የሚችለው በግ ነው፤ አጠገባቸው ይተኙ" ብለው በጎቹ ከታሰሩበት ጎን ያለውን መደብ፣ የራሳቸውን መኝታ፣ ለቀቁልኝ። እውነትም ሞቀኝ። ጠዋት ስነሣ ግን የኩታዬን አንድ ጫፍ በግ አኝኮ ጨርሶታል። ባለቤታቸው አይታ፣ "ውይ በሞትሁ! መምህሩን ራቁታቸውን ልንሰዳቸው ነው!" ብላ ደነገጠች። እምቢ ብላት አልሰማ ብላ ከራሷ ነጠላ ባለ ጥለቱን ጫፍ ቆርጣ ሰፋችልኝ። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ የሄድሁት በአንድ ማዕዘኑ ሴት በሆነ ኩታ ነው። ወጥቼ ዳገቱን ስጀምር ሰውየው ከኋላ፣ "መምህር፣ ላይ ቤት ሲደርሱ ጆሮዎን ይሸፍኑ!" እያሉ ይጮኹ ነበር።

ሐሙስ

ላይ ቤት ያሉት ጮቄን ነው። እዚያ ቤት የሚባል አላየሁም። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። በእኛ አገር በጥቅምት ጠዋት ጤዛ አለ፤ ጤዛ ግን ሰው አይነክስም። ጅባራ የሚባል ቁመቱ ሰው የሚያህል ተክል በየኮረብታው ቆሞ በጉም ውስጥ ልክ ሰው ይመስላል። እኔም ነውር እንዳይሆንብኝ ባየሁት ቁጥር፣ "እንደምን አደራችሁ" እያልሁ እጅ ነሣሁ። ጅባራ መሆኑን አውቄ በራሴ እየሳቅሁ ደግሞ ሦስት ቆመው አየሁና ለቀልድ፣ "እናንተስ እንደምን አደራችሁ?" አልሁ። "እግዜር ይመስገን" አሉ።

አርበኞች ናቸው። ከመካከላቸው ጢሙ ሸበት ያለው አለቃቸው ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ መልሼ ሳልጨርስ፣ ጆሮዬን ለመሸፈን ያላላሁት ጥምጥም ተፈታና የይለፍ ወረቀቱ ከእግሩ ሥር ወደቀ። አነሣው፤ ገለባበጠው፤ ማኅተሙን አየ።

"የጣሊያን ነው?"

"ከከተማ ለመውጣት ነው" አልሁ።

"ማንበብ ታውቃለህ?"

ያ ጥያቄ እንደ ገና መጣ። ጠያቂው ሌላ ነው፤ አገሩም ሌላ ነው፤ እኔ ግን ያው ነኝ። "አላውቅም" አልሁት።

አለቃው ጓደኞቹን ዘወር ብሎ አየ። "ይህን የሚያህል ጥምጥም ጠምጥሞ ማንበብ አያውቅም! እኛስ ጠመንጃውን ለምርኩዝ ያዝነው እንበል እንዴ?" አለ። ሳቁ። እሱ ግን ሳይስቅ ከዝናሩ ሥር የታጠፈች ወረቀት አወጣ። "አንባቢ አገኘሁ ብዬ ነበር። ከቤቴ የመጣች ናት። እንደ ታሸገች ይዣት ስዞር ሁለት ሳምንቴ" አለና መልሶ ሊከታት ሲል እፍረቴ ከፍርሃቴ በረታ። "ይስጡኝ" አልሁት።

ሚስቱ በቄስ ያስጻፈችው ነው። አንደኛው በሬ ሞቷል ይላል፤ ገብሱ ደህና ነው ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ፣ "ሴት ልጅ ወልጃለሁ፤ ስሟን አንተ ሳትል አላወጣንላትም" ይላል። አለቃው ጠመንጃውን መሬት ላይ አኖረ። "የበሬውን ተወውና የልጅቱን እንደ ገና አንብብልኝ" አለኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁለት። ከማስታወሻዬ አንድ ቅጠል ቀድጄ መልሱንም ጻፍሁለት፤ "አለኝታ በሏት" ነው መልሱ። በሶ በጥብጠው አጠጡኝ፤ የይለፍ ወረቀቱንም አለቃው ራሱ ከጥምጥሜ ውስጥ መልሶ፣ "ስትመለስ ያስፈልግሃል" አለኝ። እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኘኝና ልንለያይ ስንል፣ "ለምን ዋሸኸኝ?" አለ።

"ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"ክፉ ልማድ ነው" አለኝ። እኔም ክፉ መሆኑን ነገርሁት። ያን ዕለት ያደርሁት ከቁልቁለቱ ወገብ፣ ከአንድ የእረኛ ዳስ ውስጥ ብቻዬን ነው።

ዓርብ

ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ አገሩ እየሞቀ ይሄዳል። ጤፉ ደርሷል፤ መሬቱም እንደ እኛው ጥቁር ነው። ሰው ያየውን ሁሉ አገሩን የሚያስመስለው ሲደክመው ነው መሰለኝ፣ ያየሁት ጉብታ ሁሉ የደምበጫ ጉብታ መሰለኝ። እግሬ ግን አብጦ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር።

ወይዘሮ የሺ የሚባሉ ባልቴት በራቸው ላይ ተቀምጠው አዩኝና ጠርተው አስገቡኝ። በሞቀ ውኃ ጨው ጨምረው እግሬን ሲያጥቡኝ፣ "መቼም ደብተራ ነዎት፤ ለራስ ምታቴ አንድ ክታብ ይጻፉልኝ" አሉኝ። ቅኔ እንጂ ክታብ እንደማላውቅ ነገርኋቸው። ግራ እግሬን ይዘው ቆም አሉና፣ "ቅኔ ለራስ ምታት ይሆናል?" አሉ። አይሆንም አልሁ። "ለላም?" አይሆንም። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ይማሩ ነበር?" ብለው በንዴት ቀኙን እግሬን አሹት። ቢናደዱም የተልባ ፍትፍት አቀረቡልኝ፤ ጠዋትም ስንቅ ቋጠሩልኝ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ቅዳሜ አብሮኝ ሄደ።

ቅዳሜ

የየኔታ ጉባኤ ከመርጡለ ማርያም ወዲህ፣ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ካለች ደብር ነው። የተማሪዎቹ ጎጆዎች እንደ ድሮው ከወይራዎቹ ሥር ተኮልኩለዋል። የእኔ ጉባኤ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ሦስት ጎጆና አንድ የተሰበረ ምሰሶ ነው፤ ቢሆንም ያለኝ እሱ ነውና ልቤ በሩቅ ወደሱ ሄደ።

የኔታ ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ፈዟል። ጉልበታቸውን ስስም፣ "ማን ነው?" አሉ።

"ጥበቡ ነኝ የኔታ።"

"የደምበጫው! ድምፅህ ወፍሯል፤ እጅህ ግን እንደ ድሮው ቀጭን ነው። ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልየውስ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን" አልሁ።

እዚህ ላይ ራሴን እንዳልከላከል አንባቢዬ ይወቅ። ሰላምታችን እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ የሞተም ደህና ነው ይባላል። መርዶም ቢሆን መንገደኛ ገና አቧራውን ሳያራግፍ አያወርደውም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚረዳው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እኔ ዝም ያልሁት ለሥርዓቱ ብዬ አልነበረም። የልየውን ሞት ከተናገርሁ እንዴት ሞተ እባላለሁ፤ እንዴት እንደሞተ ከተናገርሁ ደግሞ አንተስ የት ነበርህ እባላለሁ።

ቤቴ ተቃጥሎ ምስክሬ እንደ ጠፋች ነገርኋቸው። "እንኳን ሰው ተረፈ" አሉና፣ "ሁለተኛ ምስክር ጽፌ አላውቅም፤ ለአንተ እጽፋለሁ፤ ግን ካላስመሰከርህ አልጽፍም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤው ፊት ትቀኛለህ" አሉኝ። ማታ ተማሪዎቹ በልመና ያገኙትን ቁራሽ ሰብስበው ሲያቀርቡ ደህና ደህናውን እየመረጡ ከፊቴ ቆለሉት። የሻገተውን እነሱ በሉ። እያየሁ ዋጥሁት፤ ስለ እውነት ለመናገር ጣፈጠኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ ወጥተን ሁሉም ከወይራው ሥር ተቀመጠ። ያዘጋጀሁት ጉባኤ ቃና ነው፤ ከቅኔ ሁሉ አጭሩ፣ ሁለት ቤት ብቻ። ቅኔ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው፤ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፣ ወርቁ ከሥሩ የተሰወረው ነው። የእኔ ሰም ቀላል ነበር፦ መጽሐፌን እሳት በላው፣ ሰማዕቶቼ ግን ቆመዋል የሚል ነው። በግእዝ ሰማዕት ማለት ምስክሮች ማለት ነው። ምስክሮቼ የኔታና ጉባኤው ናቸው፤ ብራናው ቢጠፋ እነሱ አሉ ለማለት ነው። የኔታን ለማስደሰት ያበጀኋት ነበረች።

ቃሉን ከአፌ ሳወጣው ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ሰማ። ስለ እውነት የተገደሉትንም የምንጠራቸው በዚሁ ቃል ነው። ይህን ማንም የቅኔ ጀማሪ ያውቀዋል፤ እኔ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ስገላብጥ አድሬ አንድም ጊዜ አላየሁትም። ሁለተኛውን ቤት እንደምንም ጨረስሁት።

ተማሪዎቹ "ይበል!" አሉ።

"ሰሙን ሰማሁት" አሉ የኔታ። "ወርቁ የማን ነው?"

"ወርቅ አላገባሁበትም የኔታ።"

"አንተ አላገባህም፤ ገብቷል። ሰማዕት ስትል ድምፅህ ተሰበረ። ትናንት ስለ ልየው ስጠይቅህ ደግሞ መልስህ ከጥያቄዬ ቀድሞ ደረሰ። ልጄ፣ ልየው አለ?"

"የለም" አልሁ።

ከዚያ በኋላ የምደብቀው አልቀረም። ስለ ብራናው፣ ስለ ባቄላው፣ ስለ አስተርጓሚው ሁሉንም ተናገርሁ። ማንም ሰው እንደዚያ መርዶ ሰምቶ አያውቅም፤ ሽማግሌ የለ፣ ማጽናኛ ቃል የለ፣ የኔታ የተረዱት በቅኔ ስሕተት ነው። የኔታ ቆባቸውን አውልቀው መሬት ላይ አኖሩ። ልየውን በስም ብቻ የሚያውቁት ተማሪዎች ሳይቀሩ አለቀሱ።

"ስለ ራሱ ምን አለ?" አሉኝ የኔታ።

"መምህር ነኝ አለ።"

"ስለ አንተስ?"

"ማንበብ አይችልም አለ።"

እጃቸው ቆቡን ሲፈልግ ቆየ። "ልየው ከእኔ ዘንድ ሰባት ዓመት ሲቀመጥ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። የዋሸው ያን ቀን ነው ማለት ነው" አሉ። ቢሰድቡኝ እወድ ነበር። ቀኑ ለልየው የሐዘን ቀን ሆነ፤ እኔም ከሐዘንተኞቹ መካከል ተቀመጥሁ፤ እንደ ሌላው ሰው ያጽናህ ብለው ሲጨብጡኝ እጄን ልስጥ ወይስ ልንሣ ቸገረኝ።

ሰኞ

ምስክሩን ይከለክሉኛል ብዬ ጓዜን ሸክፌ ነበር። የኔታ ግን አስጠሩኝ። ጸሐፊያቸው አባ ኤፍሬም የሚባሉ መነኩሴ ብራናውን ዘርግተው፣ ብዕራቸውን ቀርጸው ተቀምጠዋል። የኔታ ቃሉን ይሰጡ ጀመር። ከእርሳቸው ዘንድ ስንት ዘመን እንደተቀመጥሁ፣ ቅኔውን ከነአገባቡ እንደጨረስሁ፣ በጉባኤ ፊት ሁለት ጊዜ እንዳስመሰከርሁ አስጻፉ። የእርሳቸው ምስክር ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው የሚዘጋው፤ "ምግባሩም" ብሎ ይጀምርና ስለ ሰውየው ጠባይ ይናገራል። አባ ኤፍሬም "ምግባሩም" ብለው ጽፈው ጠበቁ።

"ትምህርትህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አልክድህም" አሉ የኔታ። "ምግባርህን ግን የሰማ ሌላ ነው። እሱ የለም። ሚስት አለችው?"

"አለች፤ ውባለም ትባላለች። ከቤቴ ሦስተኛው ቤት ናት።"

"ባሏ ምን ብሎ እንደሞተ ነግረሃታል?"

"አልነገርኋትም የኔታ።"

"እንግዲያስ አባ ኤፍሬም፣ ቦታውን ክፍት ይተዉት። ሄደህ ንገራት። እሷ የምትለውን ጻፍበት።" ማኅተማቸውን አተሙበት። ስሰናበታቸው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ከልባቸው ነበር። ለዚህ ይሆናል እስከ ወይዘሮ የሺ ቤት ድረስ ቀና ብዬ ያልሄድሁት።

መመለሻ

መመለሻውን አላረዝመውም። ወይዘሮ የሺ ራስ ምታታቸው ትቷቸው ነበርና ክታብም ቅኔም አልጠየቁኝም። ጮቄ ላይ ጉሙ ተገፎ ጅባራውን ከሰው ለይቼ አየሁት፤ አለቃውና ሰዎቹ ግን አልነበሩም። ደብረ ማርቆስ የይለፍ ወረቀቱን መልሰው ሲቀበሉኝ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ደምበጫ የደረስሁት ኅዳር ከገባ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ለማወቅ የሚቸኩል ካለ ይኸው፦ አዲሱ አለቃ ምስክሬን ተቀበሉ። ማኅተሙን አይተው አጥፈው መለሱልኝ፤ "ምግባሩም" ከሚለው ወዲያ ምንም አለመጻፉን አላዩም። ጉባኤዬ አልተበተነም፤ ዛሬም አስተምራለሁ። ነገር ግን ወደ አለቃው ከመሄዴ በፊት፣ ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወደ ውባለም ቤት ሄጃለሁ።

ገብስ ታበጥር ነበር። ስታየኝ ሰፌዱን አኖረች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "እንኳን ደህና ገቡ መምህር" አለችኝ። ቆሜ ጀመርሁ። ብራናውን፣ አስተርጓሚውን፣ አላውቀውም ማለቴን፣ ልየው ስለ እኔ ያለውን፣ ሁሉንም ነገርኋት። ከዚያ ምስክሩን አውጥቼ አነበብሁላት፤ ክፍቱ ቦታ ላይ ስደርስ፣ እሷ የምትለው እንደሚጻፍ የኔታ ማዘዛቸውን ተናገርሁ።

"ከአጥሩ ኋላ ነበርሁ" አለች።

"መቼ?"

"ያን ቀን። እርስዎ ያሉትንም፣ እሱ ያለውንም ሰምቻለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኋት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠየቅሁ።

"እኔ ነኝ የምነግርዎ?" አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንደ ደከመው ሰው ነበር የምትናገረው። "ዓመት ሙሉ በዚህ ደጅ ሲያልፉ አይዎታለሁ። ዛሬ ይገባሉ፣ ዛሬ ስለ እሱ አንድ ቃል ይሉኛል እያልሁ። ክረምቱ አለፈ፣ ተዝካሩ አለፈ። እንግዲህ አሁን ገቡ። የገቡት ለልየው ነው ወይስ ለወረቀቱ ነው መምህር?"

ለልየው ነው ብላት ታምነኝ ነበር፤ ልታምነኝ ፈልጋ ነበር።

"ለወረቀቱ ነው" አልኋት። "ወረቀቱ ባያስፈልገኝ ኖሮ አልመጣም ነበር።"